የእኛ ክረምትና የቱሊፕ ክረምት

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሮተርዳም ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለመስቀል ጅማ ስትመጣ ከሻንጣዋ ውስጥ የወረቀት ከረጢት አውጥታ ሰጠችኝ። ውስጡ ቀይ ሽንኩርት የሚመስሉ ሃያ አምስት ፍሬዎች ነበሩ። «እቴቴ፣ ቱሊፕ ናቸው፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ትከያቸው» አለችኝና ሳምንት ሳይሞላት ተመልሳ ሄደች። እኔም ቃሏን አከበርኩ። ጊዜው መስከረም ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ቀጣዩ የሚገባው ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ጓዳ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ስምንት ወር ታገሥሁና ግንቦት ማብቂያ ላይ ተከልኩ።

መሳቅ የፈለገ እዚህ ላይ ይሳቅ። እርሷ ክረምት ያለችው በረዶ የሚወርድበትን የእነርሱን ጊዜ ነው። እኔ የሰማሁት ጭቃና ጎርፍ ያለበትን የእኛን ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን እንጂ ለቱሊፕ አንዱ እናት ነው፣ ሌላው እንጀራ እናት። የእነርሱ ክረምት አፈሩን አቀዝቅዞ ተክሉን ለአበባ ያዘጋጀዋል፤ የእኛ ክረምት ለብ ያለ አፈር ውስጥ ውኃ ሞልቶ ያበሰብሰዋል። ከሃያ አምስቱ አብዛኞቹ ገና ሳይተከሉ እንደ ከረመ ነጭ ሽንኩርት ጨምድደው ነበር። ሐምሌ ላይ አፈሩን ስቆፍር ያገኘሁት የሚሸት ልጥልጥ ነገር ነው። አንዲት ቅጠል እንኳ አላየሁም።

ይህን የምጽፈው ጅማም ሆነ ሌላ ወይና ደጋ ከተማ ውስጥ ሆኖ ከውጭ ቱሊፕ የመጣለት ወይም ሊያስመጣ ያሰበ ሰው እኔ ያባከንኩትን ሁለት ዓመት እንዳያባክን ነው። ቱሊፕ እዚህ ያብባል። በግቢዬ አብቧል። ነገር ግን እንደ ጽጌረዳ ተክለውት የሚረሱት አይደለም፤ ክረምቱን ራስዎ ሠርተው ካልሰጡት በቀር ቅጠል ብቻ አሳይቶ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርት የሚመስለው ኮረት ሲገዛ አበባው ውስጡ ተሠርቶ አልቋል። ይህን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። በሦስተኛው ዓመት ቤት ውስጥ የምታግዘኝ ልጅ ወጥ ልትሠራ ከማቀዝቀዣ ሁለት አውጥታ አንዱን ለሁለት ከሰነጠቀች በኋላ «እትዬ፣ ይህ ሽንኩርት ዓይን አያስለቅስም፣ አይሸትም» ብላ ጠራችኝ። ልቆጣ ስል የተሰነጠቀውን አየሁ። መሀሉ ላይ፣ በነጭ ድርብርብ ቅጠሎች መካከል፣ ጤፍ ከምታክል ትንሽ ከፍ የምትል አበባ ቆማለች። የቀረው አንገቷ መርዘም ብቻ ነው። ብርዱ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ግንዱ እንዲረዝምና አበባዋን ከአፈር በላይ እንዲያወጣ መፍቀድ። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብትልም እንዲህ ያለ ብርድ የላትም። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ መልሳ ታሞቀዋለች። ስለዚህ ያለው መፍትሔ ማቀዝቀዣ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ይህን አውቄ ነበር፤ ማወቄ ግን በቂ አልሆነም። የእህቴ ልጅ በሰው እጅ ሃያ አራት ፍሬ ላከችልኝ። መስከረም 20 ቀን ከማቀዝቀዣው ታችኛው የአትክልት መሳቢያ ከተትኳቸው። ከዚያ ለገና እንዲያብቡልኝ ጓጓሁና ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ስምንት ሳምንት እንደሞላቸው፣ ግማሾቹን አውጥቼ ተከልኩ። በቀሉ። ቅጠላቸውም ደስ የሚል ነበር። አበባቸው ግን ከቅጠሉ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጦ አበበ። ግንዱ ጣቴን አያህልም። ለማየት መንበርከክ ነበረብኝ፤ ባለቤቴ «ይህ አበባ ነው ወይስ እንጉዳይ?» ብሎ አላገጠብኝ። ብርዱ ሲያንስ የሚሆነው ይህ ነው። ያልጠገበ ተክል አንገቱን አያወጣም።

የቀሩት አሥራ ሁለቱ የጠፉት በሌላ ስሕተት ነው፤ የማስጠንቅቀውም ከሁሉ በላይ ስለዚህኛው ነው። ኅዳር ማብቂያ ላይ ከገጠር አንድ ማዳበሪያ አቮካዶ መጣልን። የበሰለውን መሳቢያው ውስጥ፣ ከቱሊፑ ጎን ደረደርኩት። ልጆቹም ፖም ጨመሩበት። የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ኮረቱ ውስጥ የተቀመጠችውን ትንሽ አበባ ግን እዚያው ይገድላታል። ከውጭ ሲያዩት ኮረቱ ጤነኛ ነው። ተከልኳቸው፤ አሥራ ሁለቱም በቀሉ፤ እንቡጥ መሰል ነገርም አወጡ። እንቡጡ ሲከፈት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቆ ቀረ። ቱሊፕና ፍራፍሬ አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይውሉም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፖም፣ ቲማቲም ሳይቀር። ካሮትና ጎመን ችግር የላቸውም።

በሦስተኛው ዓመት አርባ ፍሬ መጣልኝ። እዚህ ላይ ስለ ግዥው አንድ ነገር ልበል። ትልቅ ኮረት ይምረጡ፤ ሻጮቹ የሚለኩት በወገቡ ዙሪያ ነው፤ ዙሪያው 12 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ጥሩው ነው። ትንሹ ርካሽ ቢሆንም ቅጠል ይሰጥዎታል እንጂ አበባ አያስተማምንም። ለእኔ የሠራልኝ አፔልዶርን የሚባለው ቀዩ ነው፤ ግንዱ ወፍራም፣ አበባው ትልቅ ነው። ዳር ዳሩ የተቆራረጠውንና ብዙ ድርብ ያለውን ዓይነትም ሞክሬ ነበር፤ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አልቆየልኝም። ሰው በሻንጣው ይዞ ከመጣ ደግሞ የዕጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያለውን እሽግ እንዲገዛና የሚፈለገውን ፈቃድ ቀድሞ እንዲጠይቅ ይንገሩት። ሥር የሚሰድ ነገር በሽታም ይዞ ይመጣል፤ ቡና ባለበት አገር ይህን እንደ ቀልድ ማየት አይገባም።

መስከረም 1 ቀን፣ የአደይ አበባው ገና ሳይደርቅ፣ አርባዎቹን በሽንኩርት መረብ ከረጢት አድርጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁ። ላስቲክ አይሁን፤ ይታፈናል፣ ይሻግታል። ከሂርማታ ገበያ ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩ። እስከዚያ ማቀዝቀዣዬ ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ 11 ዲግሪ ላይ ነው የኖርነው። ቁልፉን አዙሬ 5 ላይ አቆምኩት። ከኋላ ግድግዳው ጋር የሚነካካው ደግሞ ይበርዳል፤ በረዶ የያዘው ኮረት ሲቀልጥ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ከግድግዳው በጋዜጣ ለየሁት።

መብራት ጠፍቶ ቢያድርስ? ይህ ጥያቄ ያልመጣበት የአገራችን ሰው የለም። እኔ ከበላይ የበረዶ ቤቱ ውስጥ አራት ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዤ አኖራለሁ። መብራቱ ሲሄድ ሁለቱን አውርጄ መሳቢያው አጠገብ አቆማለሁ፣ በሩንም ማንም እንዳይከፍት እከለክላለሁ። አንድ ቀን ተኩል ጠፍቶ ቴርሞሜትሩ 9 ብቻ ደረሰ። ለጥቂት ሰዓት ትንሽ መሞቅ ልፋቱን አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው ለቀናት እየሞቀ መቆየት ነው። በየወሩ አንድ ጊዜ እያወጣሁ ዳሰስኳቸው። የለሰለሰውን ጣልኩ፤ ሦስት ነበሩ። ልጣጩ ላይ ብቻ ሰማያዊ ሻጋታ የታየበትን ግን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ መለስኩት፤ ውስጡ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ አይጎዳውም።

አሁን በመሳቢያው ላይ በትልቁ «ሽንኩርት አይደለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጉዳዩ የወጥ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ወቅት፣ ደቾች ቱሊፕ በልተው እንዳለፉ ይታወቃል፤ ሆኖም ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር ስላለው ምግብ አይደለም። ውሻና ድመት ላላቸውም ያው ነው። እጄም ብዙ ሰዓት ስነካካው ያሳክከኛል፣ ስለዚህ ጓንት አደርጋለሁ።

ዐሥራ አራት ሳምንቱ የሞላው ታኅሣሥ 9 ቀን ነው። ቀኑ በደንብ ይገጥማል፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ሌሊቱ በዓመቱ ውስጥ ከሚቀዘቅዝባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ኮረት አይቆይም፤ በዚያው ቀን ይተከል። ስለዚህ መደቡን አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ አዘጋጀሁ።

ቦታ አመራረጡ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳት ይመስለኛል። አበባ ሲባል ፀሐይ እናስባለን። እዚህ ግን የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ጠላት ናት። ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ የቤቱ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ወሰድኩ። ቀዩ አፈራችን ጠንካራና ኮምጣጣ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጭቃ፣ ፀሐይ ሲነካው ጡብ ይሆናል። ሁለት ቁና አፈር ከአንድ ቁና የወንዝ አሸዋና ከአንድ ቁና የበሰለ ብስባሽ ጋር ቀላቅዬ፣ ከላይ ሁለት እፍኝ የማገዶ አመድ በተንኩበት። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አደረግኩት። ትኩስ ፍግ አልጨመርኩም፤ ያቃጥለዋል።

ጥልቀቱ መጽሐፍ ላይ 15 ሴንቲሜትር ነው የሚባለው። እኔ ወደ 20 ወረድኩ፤ ከሥር ያለው አፈር ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው። ሹሉ ወደ ላይ፣ ሥር የሚያወጣው ጠፍጣፋው መቀመጫ ወደ ታች። በመካከላቸው አራት ጣት። ዘጠኙን በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተከልኩ፤ ከሥሩ ቀዳዳ አበጅቼለታለሁ። ማሰሮ ውስጥ ሲተክሉ የኮረቱን ጠፍጣፋ ጎን ወደ ማሰሮው ግድግዳ ያዙሩት፤ የመጀመሪያው ሰፊ ቅጠል በዚያ በኩል ወደ ውጭ ስለሚወጣ ማሰሮው ያምራል። ሸክላው ውኃ ስለሚያላብ ውስጡ ከላስቲክ ባልዲ በጣም ይቀዘቅዛል፤ በኋላ ያየሁትም ቁመታቸው ከሁሉ የበለጡት የማሰሮዎቹ መሆናቸውን ነው።

ከላይ የቡና ገለፈት አለበስኩት። ጅማ ላይ ከገለፈት የሚቀልል ነገር የለም፤ መፈልፈያው ደጅ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ይቀመጣል። ነገር ግን ዓመት ያስቆጠረውንና የጠቆረውን ይውሰዱ። አዲሱ ሲብላላ ይሞቃል፤ እጅዎን ቢከቱበት ያውቁታል፤ ለዐሥራ አራት ሳምንት ያቀዘቀዝነውን በሦስት ቀን ያሞቅብናል። ውፍረቱ ሦስት ጣት ይበቃል። ከዚያ በተከልኩ ቀን አጠግቤ አጠጣሁ፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት በማለዳ፣ ከሥሩ። ቅጠሉ ላይ አላፈስስም።

የቀረው ጥበቃ ነው። ቤታችን ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት በኩል ስለሆነ ጃርት ሌሊት ይወርዳል። የጎረቤቴን የስኳር ድንች መደብ በአንድ ሌሊት ሲያርስ አይቻለሁ፤ ቱሊፕም ከዚያ የማይተናነስ ምሳ ነው። መደቡ ላይ የዶሮ ሽቦ ዘርግቼ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ያዝኩት። ሽቦው ከጃርቱ ይልቅ ለራሴ ዶሮዎች ሆኖ ተገኘ፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር ያየች ዶሮ ይሉኝታ የላትም። ቅጠሎቹ ሁለት ጣት ሲያህሉ ሽቦውን አነሣሁት።

በገና ሰሞን አረንጓዴ ምላስ የሚመስል ጫፍ ታየ። በጥምቀት እንቡጡ ገና አረንጓዴ ነበር፤ በየጠዋቱ ሻይዬን ይዤ እየወጣሁ እቆጥር ነበር። ጥር 20 ቀን የመጀመሪያው ቀላ፤ በማግስቱ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አምስቱ ተከፍተው አገኘኋቸው። ከተከልኳቸው ሠላሳ አምስት ውስጥ ሠላሳ አንዱ አበቡ። ቀትር ላይ ሲሞቅ ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ መልሰው ይሰበሰባሉ። ልጆቹ እንደ ሰው ይተኛሉ ብለው በየምሽቱ ያዩአቸው ነበር።

ጎረቤታችን ሐጂ ቀና ብለው አይተው «ይህማ ጥምጣም ነው፤ አሳምሮ የጠመጠመው ሰው ማነው?» አሉኝ። ለእህቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች። ለካ ስሙ የመጣው ከዚያው ነው፤ አውሮፓውያን ቱሊፕ የሚለውን ስም ያገኙት ጥምጣምን ከሚያመለክተው የቱርክ ቃል ነው። አበባው ራሱ ከመካከለኛው እስያ ተራሮች ወደ ቱርክ፣ ከቱርክ ወደ ሆላንድ የሄደ መንገደኛ ነው። ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው የዕጽዋት ሊቅ ላይደን ላይ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1593 ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 ደግሞ የኮረቱ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ በአንድ የካቲት ወር ተንኮታኮተ። የእኛ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ እነርሱ ገበያ ይሄዳል፣ የእነርሱ ቱሊፕ በሻንጣ ወደ እኛ ይመጣል። ለሐጂ ይህን ሁሉ ስተርክላቸው «ታዲያ የእኛ የሃይማኖት ወንድሞች አበባ ነዋ» ብለው ሁለት ዘንግ አስቆርጠው ወሰዱ።

ስለ መቁረጥ ካነሣን፣ እንቡጡ ቀለም ሲያሳይ ግን ሳይከፈት፣ በማለዳ ይቆረጥ። ቅጠሉን ከነጠሉበት ኮረቱ ይራባልና ሁለት ቅጠል ይተዉለት። ብልቃጥ ውስጥ ከገባም በኋላ ማደጉን አይተውም፤ በሦስት ቀን ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ አንገቱንም ወደ መስኮቱ ያዞራል። የታመመ መስሎኝ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ዝናብ ጣለ። የቡና ባለቤቶች እጃቸውን ዘርግተው የሚቀበሉት ዝናብ ነው፤ ቡናው የሚያብበው በእርሱ ነውና። ለእኔ ግን በአራተኛው ቀን ቅጠሎቹ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ ይዞ መጣ። ቱሊፕን የሚያጠቃ የሻጋታ በሽታ ነው፤ በእርጥበት ይዛመታል። የታመሙትን አራት ከነኮረታቸው ነቅዬ አቃጠልኳቸው፤ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ አልጣልኳቸውም። ሌሎቹ ተረፉ። በዚያ መደብ ላይ ዘንድሮ ጎመን ነው ያለው፤ ቱሊፑን ቦታ ቀይሬለታለሁ።

አሁን ደስ ወደማይለው ልምጣ። አበባው ከረገፈ በኋላ ራሱን ቆርጬ ቅጠሉን ተውኩት፤ ቅጠሉ ስድስት ሳምንት ያህል አረንጓዴ ሆኖ ኮረቱን መልሶ መቀለብ አለበት። እዚህ ግን ሙቀቱ ቅጠሉን በሦስት ሳምንት አደረቀው፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ደረሰ። ቆፍሬ ሳወጣ ትልልቆቹ ኮረቶች ጠፍተው በቦታቸው ነጭ ሽንኩርት ፍንካች የሚያካክሉ ልጆች ተተክተዋል። ሃያ ሁለቱን መርጬ ጥላ ውስጥ አድርቄ አኖርኩና መስከረም ላይ እንደገና አቀዘቀዝኳቸው። ያበቡት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቀጫጮች። ከዚያ ወዲህ ማስቀመጡን ትቻለሁ። ጅማ ላይ ቱሊፕ የአንድ ዓመት እንግዳ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ኮረት ካላገኙ አይጀምሩት።

ለዚህም ነው አንዳንድ ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ ተስፋ የማስቆርጣቸው። ማቀዝቀዣ ለሦስት ወር የማያስለቅቅ፣ ከውጭ የሚልክለት ሰው የሌለው፣ ግላዲዮለስ ወይም ዳሊያ ይትከል። አንድ ጊዜ ከጎረቤት የተለመነ የዳሊያ ሥር እኔ ጋር ስድስት ዓመቱ ነው፤ ምንም ሳልለፋበት በየዓመቱ ያብባል። ባለቤቴ ይህን ደጋግሞ ይነግረኛል፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ጥር 21ን ማታ ላይ ያየሁትን ስላየሁ እተክላለሁ።

ዘንድሮ የመጡት ሠላሳ ናቸው። መሳቢያው ውስጥ ከገቡ አምስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ትናንት ዳስሼ አንዱን ብቻ ጣልኩ። አቮካዶው ጓዳ ወለል ላይ፣ ቅርጫት ውስጥ ነው።